የማርሹ አጋፋሪ

በቀድሞው ዘመን ወደ አንድ ታላቅ መኮንን አዳራሽ የሚገባ ባለጉዳይ፣ ነገሩ የቱንም ያህል የሚያስቸኩል ቢሆን፣ በበሩ ላይ ከቆመው አጋፋሪ ፊት ሳይቆም አያልፍም ነበር። አጋፋሪውም የመጣውን ሰው ማንነትና ምክንያት ጠይቆ፣ ለጌታው አሰምቶ፣ «ይግባ» የሚለው ቃል ሲደርሰው ብቻ በሩን ይለቅ ስለ ነበረ፣ ቃሉ በመንገድ የዘገየ እንደ ሆነ ደጅ የሚጠናው ሰው ቃሉን ያዘገየውን መልእክተኛ ትቶ ትእዛዙን የጠበቀውን አጋፋሪ ያማርር ነበር። ቤተ ክርስቲያናችንም የበሩን ነገር እንደ ቀላል አላየችውም፤ ዐጻዌ ኆኅት የሚለውን ስም ከአገልግሎት መዓርጋት መካከል ቈጥራ፣ በጊዜው የሚዘጋና በጊዜው የሚከፍት ሰው ከሥርዓቱ ጠባቂዎች አንዱ መሆኑን አስተምራለች።

በዘመናችን አውቶማቲክ መኪና ውስጥም፣ በነጂው ቀኝ እጅ አጠገብ፣ የማርሹ ዘንግ ከሚበቅልበት ሳጥን ሥር፣ እንዲህ ያለ አንድ ትንሽ አጋፋሪ ተሠይሟል። ሶሌኖይድ የሚባል በኤሌክትሪክ የሚሳብ ቀጭን ምላስ ሲሆን፣ ነጂው ቁልፉን አዙሮ እግሩን በፍሬን ላይ ካላኖረ በቀር ዘንጉ ፒ ከሚለው ማቆሚያ ወደ ሌላ እንዳይነቃነቅ አድርጎ ይይዘዋል። ይህንም ሥራውን በየቀኑ ያለ ድምፅ ስለሚፈጽመው፣ አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለ ጠባቂ በመኪናው ውስጥ መኖሩን የሚያውቀው አንድ ቀን ጠዋት፣ ሞተሩ በደኅና ተነሥቶ፣ ባትሪውም ሞልቶ ሳለ፣ ዘንጉ ከቦታው አልንቀሳቀስም ያለ ዕለት ነው። ያን ጊዜ ባለመኪናው ዘንጉን ይጐትታል፣ ይመታል፣ «ካምቢዮው ሞተ» ብሎም ያዝናል፤ ካምቢዮው ግን በሙሉ ጤና ተቀምጦ ቃል ይጠብቃል።

የዚህ ሐተታ ሐሳብ፣ አጋፋሪው ከወዴት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ሾመውና ስለ ምን እንደ ተሾመ ተናግሮ፣ እምቢ ባለ ጊዜም እንዴት ሊጠየቅ እንደሚገባው ማስረዳት ነው፤ የሹመቱን ምክንያት ያላወቀ ሰው ታማኝነቱን ከብልሽት ይቈጥርበታልና። በታሪኩ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አውቶማቲክ ካምቢዮ በብዛት ለገበያ የቀረበው፣ ጄኔራል ሞተርስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሃይድራማቲክ ብሎ የሰየመውን ሥራ በ1940 ሞዴል የኦልድስሞቢል መኪናዎች ላይ በገጠመ ጊዜ ነው። ከዚያ አስቀድሞ መኪናን ከቆመበት ለማንቀሳቀስ የሚሻ ነጂ ግራ እግሩን በፍሪሲዮን ላይ አኑሮ፣ ማርሹን አስገብቶ፣ ፍሪሲዮኑን በዝግታ እየለቀቀ ነዳጁን በልክ መስጠት ይገባው ነበር፤ ከእነዚህም አንዱን ያጓደለ እንደ ሆነ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩ ተንገጫግጮ ይጠፋ ነበር እንጂ መኪናው አይፈተለክም። እንግዲህ ያ ሁሉ ድካም፣ ነጂው ሳያውቀው፣ በር ሆኖ ያገለግለው ነበር ማለት ነው። አውቶማቲኩ ድካሙን ባስቀረ ጊዜ በሩንም አብሮ አስቀረው፤ ሞተሩ እየሠራ ዘንጉን በጥቂቱ መግፋት ብቻ በቂ ሆነ፤ መኪናውም ማንም ነዳጅ ሳይሰጠው በራሱ ይሳብ ጀመር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማርሹ ፊደላት ቅደም ተከተል ራሱ አንድ ሥርዓት አልነበረውም። የመጀመሪያው ሃይድራማቲክ ፒ የሚባል ማቆሚያ ጭራሹን ስላልነበረው፣ ነጂው መኪናውን አቁሞ ሲወርድ ሞተሩን አጥፍቶ ዘንጉን በኋላ ማርሽ ላይ ይተወው ነበር። በአንዳንዶቹም መኪናዎች የኋላው ማርሽ የተቀመጠው በዝግታ ከሚያስኬደው የፊት ማርሽ ቀጥሎ ስለ ነበረ፣ ከአንዱ ኩባንያ መኪና ወርዶ በሌላው ላይ የተቀመጠ ሰው ወደ ፊት እሄዳለሁ ሲል ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። ክራይስለር ደግሞ ከ1956 እስከ 1964 ሞዴል ድረስ ዘንጉን ትቶ የሚጫን ቁልፍ በመኪናው ገበታ ላይ ደርድሮ ነበር። ይህ ሁሉ የባቢሎን ቋንቋ የሚመስል ልዩነት እያደር በልማድ ከጠበበ በኋላ፣ በአሜሪካ በ1968 በጸናው 102ኛው የፌዴራል የተሽከርካሪ ደኅንነት ደረጃ ሥርዓት ተደነገገለት፤ ይኸውም ኤን የተባለው ነጻ ማርሽ ከኋላውና ከፊቱ ማርሽ መካከል እንዲቀመጥ፣ ሞተሩም በሚያስኬድ ማርሽ ላይ ሳለ እንዳይነሣ ነው። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ በር እንግዲህ ሞተሩን በሚያስነሣው ሞተሪኖ ላይ ቆመ፤ ዳሩ ግን ሞተሩ በፒ ላይ ከተነሣ በኋላ የሚሆነውን የሚጠብቅ ማንም አልነበረም።

ያልተጠበቀው በር መዘዙን ለማሳየት ብዙ አልዘገየም። በ1970ዎቹ ዓመታት የፎርድ አውቶማቲክ መኪናዎችን የሚነዱ ብዙ ሰዎች፣ ሞተሩ እየሠራ በፒ ላይ ያቆሙት መኪና ከማቆሚያው ሸርተት ብሎ ወደ ኋላ ማርሽ እየገባ እንደሚንደረደር ለመንግሥት አመለከቱ፤ ሰዎችም ሞቱ። ክርክሩ ለብዙ ዓመታት ከተጓተተ በኋላ በ1980 የተደረገው ስምምነት፣ ከ1966 እስከ 1980 ድረስ ለተሠሩ 23 ሚሊዮን ያህል መኪናዎች ባለቤቶች የማስጠንቀቂያ ወረቀት በፖስታ እንዲላክ፣ እነርሱም በመኪናቸው ውስጥ እንዲለጥፉት የሚል ነበር። ወረቀቱም ማርሹ በትክክል ፒ ላይ መግባቱን አረጋግጡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ሞተሩን አጥፉ ብሎ ይመክራል። ምክሩ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ወረቀት ዘንግ አይይዝም፤ በር ላይ የተለጠፈ አዋጅም የአጋፋሪን ሥራ አይሠራም።

ወደ ዋናው ሙግት የምንደርሰው እዚህ ላይ ነው። ኦዲ የተባለው የጀርመን ኩባንያ 5000 የሚል ስም የሰጠውን መኪና ከ1978 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ ይሸጥ ነበር። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ አንድ ዓይነት ክስ ከየአገሩ ይሰማ ጀመር፤ ነጂው ዘንጉን ከፒ አውጥቶ ወደ ዲ ወይም ወደ አር ባስገባ ቅጽበት መኪናው እንደ ተለቀቀ ፍላጻ ይወነጨፍና የጋራዡን ግድግዳ ወይም በፊቱ የቆመውን ሰው ይመታል። ነጂዎቹም ሁሉ ማለት ይቻላል እግራቸው በፍሬን ላይ እንደ ነበረ፣ አጥብቀው በረገጡትም መጠን መኪናው እንደ ባሰበት በመሐላ ይመሰክራሉ። ሲቢኤስ የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት «60 ደቂቃ» በሚባለው ዝግጅቱ ኅዳር 23 ቀን 1986 ይህንኑ ነገር ለሕዝብ ባቀረበ ጊዜ፣ በሐዘን የተሰበሩ ሰዎች ሲናገሩና አንድ መኪና ማንም ነዳጁን ሳይረግጥ ራሱን ችሎ ሲንቀሳቀስ ታየ። ያ ትርኢት የተገኘው አንድ ባለሙያ በካምቢዮው ላይ ቀዳዳ አበጅቶ ከውጭ ግፊት ስለ ሰጠው መሆኑ የታወቀው ግን ኋላ ነው።

በጥር 1987 ኩባንያው ከ1978 እስከ 1986 ሞዴል ያሉትን ወደ 250 ሺህ የሚደርሱ አውቶማቲክ መኪናዎች ጠርቶ፣ ፍሬን ካልተረገጠ ዘንጉ ከፒ እንዳይወጣ የሚያደርገውን መቆለፊያ ይገጥምላቸው ጀመር። ስሙ ግን በአንድ ጥገና የሚነጻ አልነበረምና፣ በ1985 በአሜሪካ 74,061 መኪና የሸጠው ኩባንያ በ1991 የሸጠው 12,283 ብቻ ሆነ።

የአሜሪካ መንግሥት የአውራ ጎዳና ደኅንነት መሥሪያ ቤት በበኩሉ ነገሩን በማሳቹሴትስ፣ በካምብሪጅ ከተማ ለሚገኘው የትራንስፖርት ሥርዓቶች ማዕከል መርቶ ነበርና፣ መርማሪዎቹ የልዩ ልዩ ኩባንያዎችን መኪናዎች ሰብስበው ሞተሩን፣ ካምቢዮውን፣ የነዳጁን አሰጣጥ፣ ኤሌክትሮኒክሱንና ፍሬኑን አንድ በአንድ ፈትነው በ1989 ውጤቱን አወጡ። ፍሬኑ ጤነኛ ከሆነ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ቢጐትት እንኳ የቆመውን መኪና ይዞ ያስቀረዋል፤ ስለዚህ መኪናው እንዲያ ሊወነጨፍ የሚችለው ነዳጁም ፍሬኑም በአንድ ጊዜ ተበላሽተው፣ ከዚያም ምልክት ሳይተዉ በአንድ ጊዜ የዳኑ እንደ ሆነ ነው። ይህ የማይመስል ነገር በመሆኑ፣ ነጂዎቹ ፍሬን የረገጡ እየመሰላቸው ነዳጁን ረግጠዋል የሚለው ብያኔ ጸና፤ የካናዳ መንግሥት መርማሪዎችም ከዚህ የራቀ ነገር አላገኙም። ዳሩ ግን ሊቃውንቱ ጥፋቱን በእግር ላይ ብቻ ጭነው አልሄዱም፤ በኦዲው የሞተሩን የዕረፍት ዙር የሚያስተካክለው መሣሪያ አንዳንድ ጊዜ እየሳተ ዙሩን በድንገት ከፍ ያደርገው እንደ ነበረ፣ በዚህም የደነገጠ ነጂ እግሩን ወደ ተሳሳተው ሥፍራ ሊሰድ እንደሚችል፣ የፔዳሎቹም አቀማመጥ ሰዎቹ ከለመዱት የተለየ እንደ ነበረ ጽፈዋል። ትንሽ የማሽን ስሕተት ትልቅ የሰው ስሕተት ወለደች ማለት ነው።

በዚህ ሙግት ውስጥ የሚያስደንቀው፣ መቆለፊያው ብያኔውን ሳይጠብቅ ሁለቱንም ወገን ማስታረቁ ነው። ጥፋቱ የማሽኑ ነው ላለው ሰው፣ ማርሹ በሚገባበት ቅጽበት ፍሬኑ ስለ ተያዘ መኪናው አይወነጨፍም፤ ጥፋቱ የእግሩ ነው ላለውም፣ በፍሬን ላይ ያረፈ ቀኝ እግር በዚያው ቅጽበት ነዳጁን አይረግጥም። ማንንም ሳይከስ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቃል፤ እርስዋም «እግርህ ወዴት ነው?» የምትል ናት።

ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ሠሪዎች፣ ጃፓኖቹ ጭምር፣ እያከታተሉ ይህንኑ አጋፋሪ በመኪኖቻቸው ላይ ሾሙ። በአሜሪካ 114ኛው ደረጃ በ1990 ተሻሽሎ፣ ከመስከረም 1992 ጀምሮ ዘንጉ በፒ ላይ ካልተቆለፈ ቁልፉ ከሥፍራው እንዳይወጣ አዘዘ። እንዲህም ሆኖ አንድ ቀዳዳ ቀርቶ ነበር፤ ቁልፉ በመኪናው ውስጥ የተተወ እንደ ሆነ፣ ለጨዋታ በነጂው ወንበር ላይ የወጣ ሕፃን ዘንጉን ስቦ መኪናውን ቁልቁል ሊለቀው ይችላል። የሕፃን እግር ፍሬኑ ዘንድ አይደርስምና፣ ለኦዲ ሙግት የተፈለሰፈው ጥያቄ ለዚህም መልስ ሆኖ ተገኘ። የመኪና ሠሪዎቹ በ2006 በፈቃዳቸው ከተስማሙ በኋላ፣ በመኪና ተገጭቶ በሞተ አንድ የ2 ዓመት ሕፃን ስም የተሰየመው ሕግ የካቲት 28 ቀን 2008 ተፈርሞ፣ ከመስከረም 1 ቀን 2010 በኋላ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራ፣ ጠቅላላ ክብደቱ ከ10,000 ፓውንድ የማይበልጥ አውቶማቲክ መኪና ሁሉ ይህ መቆለፊያ እንዲኖረው አስገደደ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የጋራዥ ቋንቋችን ራሱ የታሪክ መዝገብ ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ፣ ካቻቪቴ የሚሉት ቃላት ከጣሊያን መካኒኮች አፍ ወደ እኛ ልጆች አፍ ተላልፈው፣ ዛሬ ጣሊያንኛ የማያውቅ ሠራተኛ ሁሉ እንደ እናቱ ቋንቋ ይናገራቸዋል። የማርሹ መቆለፊያ ግን የተፈለሰፈው ጣሊያኖቹ ከሄዱ ከአርባ ዓመት በላይ ቈይቶ ስለ ሆነ እንዲህ ያለ የወግ ስም አላገኘም፤ ለረጅም ዘመን የምንነዳቸው መኪናዎች አብዛኞቹ ማንዋል ስለ ነበሩም የሚጠራበት ጊዜ አልደረሰም። በኋላ እንደ ቪትዝ ያሉት ትንንሽ የጃፓን አውቶማቲኮች በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ በበዙ ጊዜ ባለመኪናው የሚያውቀው ስም አንድ ብቻ ሆነ፤ እርሱም «ማርሹ እምቢ አለ» የሚል ነው። እምቢ ማለት ፈቃድ ላለው ፍጡር የሚነገር ቃል ነውና፣ ሕዝቡ ሳያውቀው የዚህን ዕቃ ጠባይ በትክክል ሰይሞታል።

እምቢ ያለውን ለመመርመር በጥንታዊው የፍትሕ ልማዳችን ሁለት መንገዶች ነበሩ። አንደኛው ሌባ ሻይ የሚባለው ነው። ዕቃ የጠፋበት ሰው ባለመድኃኒቱን ይጠራል፤ እርሱም አንድ ብላቴና አስክሮ በወገቡ ላይ መጠምጠሚያ አስሮ ይለቀዋል፤ ልጁም እየተንገዳገደ በየመንደሩ ዞሮ በደጁ የወደቀበት ሰው ሌባ ተብሎ ዕዳውን ይከፍላል። ኋላ በአዋጅ የተከለከለው ይህ ልማድ ከአደባባይ ቢጠፋም ከጋራዥ ጨርሶ አልጠፋም፤ ኤሌክትሪኩን ሳይመረምር «ኮምፒዩተሩ ነው»፣ «ካምቢዮው ነው»፣ «ሶሌኖይዱ ይቀየር» እያለ ባለመኪናውን በግምት ወደ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ዕቃ እንዲገዛ የሚሰድ ባለሙያ፣ መድኃኒቱን ያልጠጣ ሌባ ሻይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ሲሆን፣ ወንጀሉ የተፈጸመበት አገር ሰው ሁሉ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ፣ ያየውንና የሰማውን በተራ እየተጠየቀ፣ ንጹሑ እየተለየ፣ ስሙን ሳይገልጥ እውነቱን የሚጠቁመውም ምስክር «ወፍ» ተብሎ እየተደመጠ ወንጀለኛው ይወጣል። የኤሌክትሪክ ጉድለትን ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም። የተጠርጣሪዎቹ ስም የታወቀ ነው፤ ከባትሪው የሚነሣው 12 ቮልት በፊውዝ በኩል አልፎ በፍሬን ፔዳሉ ራስ ላይ ወዳለው ማብሪያ ይደርሳል፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ማብሪያው ያገናኘውና አንዱ ቅርንጫፍ ወደ ኋላ የፍሬን መብራቶች፣ ሁለተኛው ወደ ማርሹ ሳጥን ይሄዳል፤ እዚያም ቁልፉ መዞሩና ዘንጉ በፒ ላይ መሆኑ ተረጋግጦ ኃይሉ በሶሌኖይዱ ውስጥ አልፎ በመኪናው አካል በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይመለሳል። ከእነዚህ አንዱ ቃሉን ካላስተላለፈ አጋፋሪው አይከፍትም።

ጥያቄው ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀርበው ከአጋፋሪው እጅግ ለራቁት፣ ለኋላ መብራቶች ነው፤ በብዙ መኪናዎች መብራቶቹና መቆለፊያው ቃል የሚቀበሉት ከአንድ ማብሪያ ነውና። አንድ ሰው ፍሬን ሲረግጥ ሌላው ከኋላ ይመልከት፤ ብቻውን የሆነም በምሽት የመኪናውን ጀርባ ወደ ግድግዳ አስጠግቶ ቀዩን ነጸብራቅ በመስታወት ይጠብቅ። መብራቶቹ ከበሩ ፊውዙና ማብሪያው በአመዛኙ ነጻ ወጡ፤ በአመዛኙ ማለቴም አንዳንዱ ማብሪያ በውስጡ ሁለት የተለያዩ መገናኛዎች ስላሉት፣ ለመብራቱ የታመነው ለመቆለፊያው ሊከዳ ስለሚችል ነው። ካልበሩ ግን ምርመራው ገና ወደ ማርሹ ሳይቀርብ እኩሌታው ተፈጸመ።

ፊውዙ ተቃጥሎ ከተገኘ አስተዋይ ባለሙያ ሬሳውን አንሥቶ ሌላ በመተካት ብቻ አይረካም፤ ፊውዝ በአመዛኙ ተገዳይ እንጂ ገዳይ አይደለምና፣ ማን እንደ ገደለው ይጠይቃል። ውሃ የገባበት የመብራት ቤት፣ ከሌላ የመኪና ክፍል ጋር ሲፋተግ የተላጠ ሽቦ፣ ማንቂያ ደወል ሲገጠም ያለ አግባብ የተቀጠለ መስመር ከሚጠረጠሩት ናቸው። የ10 አምፔር ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል ባለ 30 የሚያስገባ ሰው ግን፣ ዘበኛው አስቸገረኝ ብሎ አሰናብቶ ወንበዴውን ከነመሣሪያው ወደ ቤቱ እንዳስገባ ይቈጠራል፤ ፊውዙ በቀረበት ጊዜ የሚቃጠለው ሽቦው ነውና።

ከፊውዙ ቀጥሎ የፔዳሉ ማብሪያ ይጠየቃል። በአንደኛው ጫፉ ኃይል ሁልጊዜ ይገኛል፤ በሁለተኛው ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ መታየት አለበት። እዚህ ላይ የምናገኘው አንድ ተንኮለኛ ጥፋት፣ ማብሪያውን የምትገፋ ከፔዳሉ ክንድ ጋር የተያያዘች ትንሽ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቁራጭ ናት፤ ስታረጅ ተፈርፍራ ትወድቅና ማብሪያው ያልተረገጠውን ፍሬን እንደ ተረገጠ አድርጎ ይመሰክራል። ያን ጊዜ የኋላ መብራቶች ሌሊቱን ሲበሩ ያድራሉ፣ ባትሪው ጠዋት ሞቶ ይገኛል፣ ዘንጉም ያለ ፍሬን ይወጣል። ባለመኪናው የሚከሰው ባትሪውን ብቻ ነው፤ በሩ ወለል ብሎ መከፈቱን አያስተውልም። እምቢ ያለ አጋፋሪ ያስቸግራል፤ ለሁሉ የሚከፍት አጋፋሪ ግን ከዚያ የከፋ ነው።

በዚህ ምርመራ የወፏን ቦታ ስለሚይዘው ቴስተርም ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ቮልት የሚለካው ቴስተር ከመስመሩ ኃይል አይስብም ለማለት ስለሚያስደፍር፣ በአንዲት ክር ብቻ ተንጠልጥሎ የቀረ ሽቦ እንኳ 12 ቮልት ብሎ ያነብለታል፤ ሥራ ሲመጣበት ግን ያ ሽቦ ሸክሙን አይችልም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሰዎች ኃይል የምትስብ ትንሽ የመሞከሪያ አምፖል ያበራሉ፣ ወይም የሶሌኖይዱን ማገናኛ ሳይነቅሉ ፔዳሉ እንደ ተረገጠ ይለካሉ። የመመለሻው መንገድም እንዲሁ ይጠየቃል፤ የቴስተሩ አንዱ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሁለተኛው በሶሌኖይዱ መመለሻ ላይ ሆኖ ፔዳሉ ሲረገጥ ከቮልት ጥቂት አሥረኛ ክፍል የበለጠ ከታየ፣ ዝገት ወይም የላላ ቡሎን በመንገዱ ላይ ቀረጥ እየበላ ነው።

ኃይሉ መጥቶ፣ መመለሻውም ጸድቶ፣ ሶሌኖይዱ ዝም ካለ ጥፋቱ የራሱ ነው፤ በኦም ሲለካ ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ ምንም አያስተላልፍም። «ቀጭ» የሚል ድምፅ አሰምቶ ዘንጉ ካልወጣ ደግሞ ነገሩ ከኤሌክትሪክ አደባባይ ወጥቶ ወደ አካላዊው ተሻገረ፤ ምላሱ ተበልቶ፣ ወይም በሳጥኑ ላይ የፈሰሰ ስኳር ያለው ቡና ደርቆ አጣብቆት ይሆናል። ዘንጉ በፒ ላይ መሆኑን የምትመሰክረው ትንሽዬ ማብሪያም በተራዋ ትጠየቃለች። ኮምፒዩተሩ የሚጠየቀው ከሁሉ በኋላ ነው፤ ይኸውም ስለ ክብሩ ሳይሆን፣ ከሁሉ ያነሰ ስለሚሳሳት ነው።

ሠሪዎቹ በዘንጉ አጠገብ፣ በትንሽ ክዳን ሥር፣ በካቻቪቴ ጫፍ የሚጫን የድንገተኛ መክፈቻ በብዙ መኪናዎች ትተዋል፤ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ እግርም በፍሬን ላይ ሆኖ መኪናውን ወደ ጋራዥ ለማድረስ ያገለግላል። ነገር ግን መቆለፊያው የዘጋው የፍሬን መብራት መስመር ስለ ሞተ ከሆነ፣ በዚህ መክፈቻ አምልጦ የሄደ ሰው ፍሬን ሲይዝ ከኋላው ለሚመጣው ምንም ሳያሳይ በከተማ መካከል ይነዳል። አጋፋሪው «አትውጣ» ያለው ሳያውቀው ስለ ሌላ አደጋ ጭምር ነበር።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ በአዲስ አበባ በአንድ ጋራዥ ያየሁት ነገር ነው። አንድ ወጣት ቪትዙን በመጐተቻ አስመጥቶ፣ «ጋሼ፣ ካምቢዮው ይቀየር ብለውኛል» ሲል የጋራዡን አረጋዊ ኤሌክትሪሺያን ለመነ። እርሳቸውም መሣሪያ ሳያነሡ ወደ መኪናው ጀርባ ዞረው፣ «እስቲ ልጄ፣ ፍሬን ርገጥልኝ» አሉ። አንድም መብራት አልበራም። ፊውዙ ተቃጥሎ ነበር፤ አዲሱም ወዲያው ተቃጠለ። ሽማግሌው መስመሩን በእጃቸው እየዳሰሱ ወደ ኋላ ሄደው በኋላው በር ማጠፊያ ላይ ቆሙ፤ በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቍጥር የሚታጠፈው የላይኛው የፍሬን መብራት ሽቦ በጎማው ሽፋን ውስጥ ተልጦ ብረቱን ይነካ ነበር። በኋላ በር ላይ የተላጠች አንዲት ሽቦ በፊት ያለውን ማርሽ አስራ፣ ምንም ያልበደለ ካምቢዮ ሊነቀል ተፈርዶበት ነበር።

ሽቦው ተጠግኖ፣ ፊውዙም ተተክቶ፣ ወጣቱ ፍሬን ረግጦ ዘንጉ በቀላሉ ሲወጣለት በደስታ ገንዘቡን ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ሽማግሌው ግን ገና አልጨረሱም ነበር። ወጣቱን አስወርደው ራሳቸው ተቀመጡና ዘንጉን ወደ ፒ መለሱት፤ እግራቸውን ከፍሬኑ አንሥተው ዘንጉን በኃይል ሳቡት፤ አልወጣም። ቁልፉን አጥፍተው ሳቡት፤ አልወጣም። አብርተው፣ ያለ ፍሬን፣ አሁንም ሳቡት፤ አልወጣም። ያን ጊዜ ከመኪናው ወርደው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «አሁን ሠራ» አሉት።